የደኅንነት ባለሙያ ስንቀጥር

ጥያቄ፦ በአዲስ አበባ ባለ ስምንት ፎቅ ሕንፃ እየገነባን ነው። የሙያ ደኅንነት፣ ጤንነትና አካባቢ ጥበቃ ባለሙያ ለመቅጠር ብናስታውቅ የምስክር ወረቀት የያዙ ብዙ አመልካቾች ቀረቡ። ብቁውን በምን እንለይ?

መልስ፦ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው የደኅንነት ሠራተኛ እንዲመድብና ኮሚቴ እንዲያቋቁም ስለሚያስገድድ፣ ቅጥሩን ለይስሙላ አትፈጽሙት። የምስክር ወረቀቱን ከሰጠው ተቋም አረጋግጡ። ከዚያም አመልካቹን ከቢሮ አውጥታችሁ ከባሕር ዛፉ መወጣጫ ሥር አቁሙትና ያየውን እንዲነግራችሁ ጠይቁት፤ የራስ ቆብ ያላደረገውን ሠራተኛ ማንም ያያል፣ በአንድ ሚስማር ብቻ የተያያዘውን አጣናና መከለያ የሌለውን የአሳንሰር ጉድጓድ ቀድሞ የሚያሳያችሁ ግን፣ እንደ እኔ እምነት፣ የምትፈልጉት ሰው ነው። አደገኛ ሥራ የማስቆም ሥልጣኑን በቅጥር ደብዳቤው ላይ በግልጽ ጻፉለት፤ ተጠሪነቱም የኮንክሪት ሙሌት ከሚያጣድፈው የሳይት ኃላፊ ወጥቶ ለዋና ሥራ አስኪያጁ ይሁን።