«እሱ ኤኤስ ነው፣ እኔስ?»

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ባለፈው ቅዳሜ ከእጮኛዬ ጋር አንድ የናይጄሪያ ፊልም አየን። ልጅቷ ሲክል ሴል አለባት። ሆስፒታል ስትመላለስ ትኖርና መጨረሻ ላይ የምትወደው ልጅ «ኤኤስ» ነው ተብሎ ሠርጉ ይፈርሳል። እያለቀስኩ ዞር ስል እጮኛዬ ፊቱ ልክ አይደለም። ናይጄሪያዊ ነው። «እኔም ኤኤስ ነኝ፣ አንቺስ?» አለኝ። ምን ማለት እንደሆነ እንኳ አላውቅም ነበር። አሜሪካ የመጣሁት በ9 ዓመቴ ከአዲስ አበባ ነው። እናቴን ብጠይቃት «ይሄ የኛ በሽታ አይደለም» ብላ ዘጋችው። ፊልሙ አጋኖት ነው? ደግሞ ታላቅ እህቱ በሽታው አለባት፤ ጥር ላይ አዲስ አበባ ለምንደግሰው ሠርግ ልትመጣ ነው። ችግር ይኖረው ይሆን?
ግራ የገባኝ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ

መልስ፦ በመጀመሪያ እንኳን ደስ ያለሽ። ከዚያ ሂጂና ተመርመሪ። ሌላው ወሬ ሁሉ ከውጤቱ በኋላ ይደርሳል።

ደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመውን ሄሞግሎቢን የሚሠራውን ጂን አንዱን ከእናት፣ አንዱን ከአባት እንወስዳለን። ሁለቱም ደህና ከሆኑ ኤኤ ነሽ። አንዱ ሲክል ከሆነ ኤኤስ፣ ሁለቱም ሲክል ከሆኑ ኤስኤስ። በሽታው ያለበት ኤስኤሱ ነው፤ እጮኛሽ ተሸካሚ እንጂ ታማሚ አይደለም። አንቺ ኤኤ ከሆንሽ ኤስኤስ ልጅ አትወልዱም፣ ቢበዛ እንደ አባቱ ተሸካሚ ይወለዳል። አንቺም ኤኤስ ከሆንሽ ግን በእያንዳንዱ እርግዝና 25 በመቶ ዕድል አለ። ፊልሞቹ ይቺን ነገር «ከአራት ልጅ አንዱ» እያሉ ያበላሿታል፤ ዕጣው በየእርግዝናው እንደ አዲስ ነው የሚወጣው፣ ሦስት ወልደው ሦስቱም የታመሙባቸው አሉ፣ አምስት ወልደው አንዱም ያልነካቸው አሉ።

የሠርጉ መፍረስ ግን አልተጋነነም። ናይጄሪያ ውስጥ ከ4 ሰው 1 ገደማ ተሸካሚ ነው። ብዙ ቤተ ክርስቲያኖች የጂኖታይፕ (ኤኤ፣ ኤኤስ ወይም ኤስኤስ መሆንን የሚገልጽ) ወረቀት ሳያዩ አያጋቡም። እኛ ሰባት ቤት እንደምንቆጥረው፣ እነሱ ገና ሲተዋወቁ «ጂኖታይፕህ ምንድነው?» ይባባላሉ። እጮኛሽ እስከ ዛሬ ያልጠየቀሽ ምናልባት እሱም እንደ እናትሽ አስቦ ይሆናል።

እናትሽ ደግሞ ግማሽ እውነት አላቸው። አንቶኒ አሊሰን የተባለ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1954 ምሥራቅ አፍሪካ ላይ ሠርቶ እንዳሳየው፣ ኤኤስ የሆነ ልጅ ወባ ቢይዘው እንኳ ብዙ ጊዜ ክፉኛ አይጥለውም። ስለዚህ ወባ በበረታበት አገር ጂኑ በዛ። የኛ ደጋ ወባ ስለማይበረታበት ብዙም አይሰማም። ቆላው፣ በተለይ በጋምቤላ በኩል ያለው፣ ሌላ ነው። ሳዑዲም ህንድም ግሪክም አለ። «ሐበሻ ነኝ» የላቦራቶሪ ወረቀት አይሆንም። አሜሪካ የሚወለድ ሕፃን ሁሉ ተረከዙን ተወግቶ ይመረመራል፤ አንቺ በ9 ዓመትሽ ስለመጣሽ ይሄ አልፎሻል። ስትሄጂ «ሄሞግሎቢን ኤሌክትሮፎረሲስ» በያቸው፤ የሄሞግሎቢንሽን ዓይነት የሚለይ የደም ምርመራ ነው። አንዳንዱ ፈጣን ምርመራ ኤስ መኖሩን ብቻ ነው የሚያየው፣ ሄሞግሎቢን ሲ ወይም ታላሴሚያ የሚባሉት ሌሎች በዘር የሚወረሱ የሄሞግሎቢን ችግሮችም ከእጮኛሽ ኤስ ጋር ሲገናኙ በሽታ ያመጣሉ።

ፊልሞቹ የሚያጋንኑት ሌላ ቦታ ነው። እኔ ሲክል ሴል ካለበት ልጅ ጋር ሁለት ዓመት አንድ አፓርታማ ኖሬያለሁ። ፊልም ላይ ሕመሙ ሲነሳ ጩኸት ነው፣ ሙዚቃ ነው፣ መውደቅ ነው። እሱ ዝም ነበር የሚለው። ሶፋው ጥግ ላይ ኩርምት ብሎ ስልኩ ላይ ኳስ ያያል። አንድ ሌሊት ድንገተኛ ክፍል ወሰድኩት። ነርሷ «ከ10 ስንት ያምሃል?» አለችው። «9።» ስልኩን አየት አደረገችና «አትመስልም» ብላ ሄደች። አራት ሰዓት ተቀመጥን። 26 ዓመት ሙሉ ያመመው ሰው ማልቀስ እንደሚሰለቸው ማን ይንገራት! ጠንካራ ማስታገሻ የሚጠይቅ ጥቁር ወጣት እንደ ሱሰኛ መታየቱ አሜሪካ ውስጥ የቆየ ጣጣ ነው። ያቺን አራት ሰዓት የሚያሳይ ፊልም ከመጣ ትኬት የምቆርጠው እኔ ነኝ።

ስለ እህቱ። የእሷ ቀይ የደም ሴል ኦክስጅን ሲያንሰው እንደ ማጭድ ይጎብጣል፣ ይደርቃል፣ ቀጭን የደም ሥር ውስጥ ይሰካል። ሕመሙ እሱ ነው። አዲስ አበባ ደግሞ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ከፍ ባለ ቁጥር ኦክስጅኑ ይሳሳል፤ ብርድም ሕመሙን ይቀሰቅሳል፣ የጥር ማታ ብርዷን ደግሞ ታውቂዋለሽ። ስለዚህ ትኬት ሳይቆረጥ ሐኪሟን ታናግር። ከተፈቀደላት አውሮፕላን ላይ ውሃ በብዛት ትጠጣ፣ ተነስታ ትንቀሳቀስ፣ ጋቢ አዘጋጂላት። ከመጣች በኋላ ትንሽ ቀን ትረፍ። ለፎቶ ብላችሁ እንጦጦ እንዳትወስዷት።

ጥያቄ፦ በአንድ ፊልም ላይ ሲክል ሴል ያለበት ልጅ ዓይኑ ቢጫ ነው፣ የሰፈሩ ሰው ደግሞ መንፈስ ነው ብሎ ይሸሸዋል። የወፍ በሽታ ነው እንዴ? ይተላለፋል? መድኃኒትስ የለውም?
ከሐዋሳ

መልስ፦ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፣ በዘር ነው የሚወረሰው። ጤነኛ ቀይ የደም ሴል 120 ቀን ያህል ይኖራል፣ የሲክል ሴሉ ከ10 እስከ 20 ቀን። ቶሎ ቶሎ ሲፈርስ ዓይንን ቢጫ የሚያደርግ ነገር ይለቃል። ደም ማነሱም ከዚሁ ነው።

የመንፈሱ ነገር ከድሮ የመጣ ነው። የናይጄሪያ ሕዝቦች የሆኑት ዮሩባዎች «አቢኩ»፣ ኢግቦዎች «ኦግባንጄ» የሚሉት፣ እየሞተ ተመልሶ የሚወለድ ልጅ ነው። ዛሬ ብዙዎቹ ሐኪሞቻቸው ከነዚያ ልጆች ብዙዎቹ ሲክል ሴል የነበረባቸው ናቸው ይላሉ። እኛም ልጅ ሲደጋገም የሞተባት እናት ቀጣዩን ምትኬ፣ ካሳ፣ ማስረሻ ትለው የለ?

መድኃኒት አለ። ሃይድሮክሲዩሪያ የሚባለው እንክብል ሕመሙ ቶሎ ቶሎ እንዳይነሳ ያደርጋል። እ.ኤ.አ. በ2023 መጨረሻ ደግሞ እንግሊዝና አሜሪካ ካስጌቪ የተባለ የጂን ሕክምና ፈቅደዋል። ዋጋው አሜሪካ ውስጥ 2.2 ሚሊዮን ዶላር ነው፣ እንግዲህ አስበው። ሕፃናቱ እስከ 5 ዓመታቸው በየቀኑ የሚሰጣቸው ፔኒሲሊን ግን ርካሽ ነው፣ ብዙ ነፍስም አትርፏል።

ጎረቤትህ እንዲህ ያለ ልጅ ካለ፣ ከአንድ ትሪ አብራችሁ ብሉ።