ሁለት ሦስተኛ ሲባል ከስንቱ ነው?

ጥያቄና መልስ

በዚህ እትም ያቀረብናቸው ጥያቄዎች የመጡት ለትርፍ ካልተቋቋሙ የስፖርትና የመዝናኛ ማኅበራት ነው፤ የመዋኛ ገንዳ፣ የኳስ ሜዳ ወይም የልጆች መጫወቻ በጋራ ከሚያስተዳድሩ ሰዎች። ሁሉም መተዳደሪያ ደንባቸውን ለማሻሻል ተነሥተዋል። አብዛኞቹን ያስቸገራቸው የማሻሻያው ሐሳብ ሳይሆን አካሄዱ ነው።

ጥያቄ፦ 240 አባላት አሉን። ደንባችን «ይህ ደንብ በአባላት ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ይሻሻላል» ይላል። ምልዓተ ጉባኤ የሚሟላው ከአባላቱ አንድ ሦስተኛው ሲገኝ ነው። በጠቅላላ ጉባኤው 96 ሰው ተገኝቶ 60 ደገፈ፣ 24 ተቃወመ፣ 12 ድምፀ ተአቅቦ አደረገ። ሰብሳቢው «ጸድቋል» ብለው ስብሰባውን ዘጉ። አሁን ግን ከፊሉ አባል አልጸደቀም እያለ ነው። ትክክሉ የቱ ነው? (የማኅበር ጸሐፊ)

መልስ፦ ሰብሳቢው የተሳሳቱ ይመስለናል። ስሌቱን እንየው። ሁለት ሦስተኛው የሚቆጠረው ድምፅ ከሰጡት ብቻ ከሆነ ድምፀ ተአቅቦው ከስሌቱ ይወጣል፤ 60 እና 24 ተደምሮ 84 ነው፣ የሚያስፈልገው 56 ድጋፍ ስለሆነ ያልፋል። ከተገኙት የሚቆጠር ከሆነ የ96 ሁለት ሦስተኛ 64 ነው፤ በ4 ድምፅ ይወድቃል። እዚህ ላይ ድምፀ ተአቅቦ ያደረጉት 12 ሰዎች ሳያስቡት እንደ ተቃዋሚ ሆነዋል። ከጠቅላላው አባል የሚቆጠር ከሆነ ደግሞ 160 ድጋፍ ያስፈልጋል፤ አዳራሽ ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ እጁን ቢያወጣ እንኳ አይሞላም።

የእናንተ ደንብ «በተገኙት» ወይም «ድምፅ በሰጡት» አይልም፤ «በአባላት» ነው የሚለው። እንደተጻፈ ሲነበብ መሠረቱ 240 ነው። እስከ ዛሬ ከተገኘው ሰው ብቻ እየቆጠራችሁ ስትሠሩ ኖራችሁ ከሆነ የቆዩት ቃለ ጉባኤዎች ለክርክር ይጠቅሟችኋል፤ ግን ልማድ የተጻፈ ቃል እንዲሽር አትጠብቁ። ምልዓተ ጉባኤ መሟላቱም ይህን አይፈታውም። እሱ ስብሰባው መካሄድ መቻሉን እንጂ ውሳኔው ማለፉን አያሳይም።

ማሻሻያውን እንዳልጸደቀ ቆጥራችሁ በመጀመሪያ የአባላት መዝገቡን አጣሩ። ደንቡ ለምሳሌ መዋጮውን ስድስት ወር ያልከፈለ አባል ድምፅ አይሰጥም የሚል ከሆነ፣ ከ240ው ውስጥ 70 ያህሉ ከከፈሉ ዓመት ካለፋቸው፣ ከስሌቱ ይወጣሉ ማለት ነው። ደንቡ ማስጠንቀቂያ መስጠትን የሚጠይቅ ከሆነ እሱን አትዝለሉ። ያኔ መሠረቱ 170፣ የሚያስፈልገው ድጋፍ 114 ይሆናል (113 አይበቃም፤ ሁለት ሦስተኛው 113.3 ስለሆነ የሚቀጥለው ሙሉ ቁጥር ይወሰዳል)። ደንቡ ስለዚህ ጉዳይ ምንም የማይል ከሆነ ግን ለዚህ ስብሰባ ሲባል ሰው መሰረዝ አይቻልም። በጽሑፍ ድምፅ መሰብሰብን ወይም ውክልናን ደንቡና ሕጉ የሚፈቅዱ ከሆነ በዚያ ተጠቀሙ፤ ሰው ቤቱ ሆኖ ቢሰጥም ድምፁ ድምፅ ነው።

ሁለተኛ፣ በሚቀጥለው ጉባኤ ሌላውን ሁሉ አቆይታችሁ የማሻሻያ አንቀጹን ብቻ አቅርቡ። እንዲህ ሊጻፍ ይችላል፦ «ይህ ደንብ የሚሻሻለው ምልዓተ ጉባኤ በተሟላበት ጠቅላላ ጉባኤ ድምፅ ከሰጡት አባላት ቢያንስ ሁለት ሦስተኛው ሲደግፉትና የደጋፊዎቹ ቁጥር ድምፅ የመስጠት መብት ካላቸው አባላት ከአንድ አራተኛ ሳያንስ ነው። ድምፀ ተአቅቦ እንደተሰጠ ድምፅ አይቆጠርም።» የአንድ አራተኛው ወለል የገባው 80 ሰው ተገኝቶ 50ው ዝም ባለበት ቀን 20 ሰው የማኅበሩን ደንብ እንዳይለውጥ ነው።

በነገራችን ላይ፣ ለተራ ውሳኔዎች «50 ሲደመር 1» ብላችሁ የጻፋችሁ ካላችሁ «ከግማሽ በላይ» በሚለው ተኩት። 85 ሰው ድምፅ ቢሰጥ ከግማሽ በላይ የሚባለው 43 ነው። ግማሹ 42.5 ሆኖ 1 ሲደመርበት ግን 43.5 ይመጣና 44 ያስፈልጋል የሚል ሰው ይነሣል። በአንዲት ድምፅ የሚወሰን ምርጫ ላይ ይህ ቀልድ አይደለም።

ጥያቄ፦ ደንባችን ከተጻፈ 20 ዓመት አልፎታል፤ በየጊዜው እየጠገንነው ኖረናል። እንደ አዲስ እንጻፈው ወይስ ጥገናውን እንቀጥል? ኮሚቴውስ እንዴት ይዋቀር? (የሥራ አመራር ቦርድ አባል)

መልስ፦ ከዚያ በፊት ሥራ ላይ ያለው ደንብ የትኛው እንደሆነ አረጋግጡ። በጸሐፊው እጅ ያለው፣ ቢሮ ውስጥ የተለጠፈውና በመዝጋቢው አካል ፋይል የተቀመጠው የተለያዩ ሆነው መገኘታቸው እንግዳ ነገር አይደለም። የየዓመቱን ቃለ ጉባኤ ከመጀመሪያው ጀምራችሁ አገላብጡና እያንዳንዱ ማሻሻያ መቼ፣ በስንት ድምፅ እንደጸደቀ ጻፉ። ጸድቆ ያልተመዘገበ ወይም ሳይጸድቅ ጽሑፉ ውስጥ የገባ ዐረፍተ ነገር ካገኛችሁ ለብቻው ለዩት። በተሳሳተ ጽሑፍ ላይ የተሠራ ማሻሻያ መጨረሻ ላይ የትኛውን ቃል በየትኛው እንደተካ አይታወቅም።

ለውጡ ከአራትና ከአምስት አንቀጽ ካለፈ ወይም እርስ በርስ የሚጠቃቀሱ አንቀጾችን ከነካ እንደ አዲስ መጻፉ ይሻላል እንላለን። ለኮሚቴው አምስት ሰው ይበቃል፦ ጸሐፊው፣ ገንዘብ ያዡ፣ ሜዳውን ወይም ገንዳውን በየቀኑ የሚያስተዳድረው ሰው፣ በቦርዱ የሌለ አንድ አባልና ለውጡን የሚቃወም አንድ አባል። የመጨረሻውን ሰው ብዙዎች ይተዉታል፤ ጉባኤው ላይ የሚነሣውን ጥያቄ ቀድሞ የሚያሰማችሁ ግን እሱ ነው።

ረቂቁን ባለ ሦስት ዓምድ ሠንጠረዥ አድርጉት፤ በአንዱ ነባሩ ቃል፣ በሁለተኛው የታሰበው ቃል፣ በሦስተኛው ምክንያቱ በአንድ ወይም በሁለት ዐረፍተ ነገር። ምክንያቱን መጻፍ ያቃታችሁ ለውጥ ምናልባት አያስፈልግም። ለጊዜው በግርድፉ ስድስት ወር ያዙ፦ ነባሩን ለማጥናትና ችግሮችን ለመሰብሰብ አንድ ወር፣ ለማርቀቅ ሁለት ወር፣ ለአባላት አስተያየት አንድ ወር፣ ለማረም ሦስት ሳምንት፣ ቀሪው ለጥሪና ለጉባኤው። የሕግ ባለሙያ የሚያነበው ጥሪው ከመውጣቱ በፊት ነው። ከወጣ በኋላ ስሕተት ቢያገኝ ጥሪውን እንደገና ከማውጣት ሌላ ምርጫ ላይኖራችሁ ይችላል።

ስታረቅቁ በብዛት የሚበላሸው የአንቀጽ ማጣቀሻ ነው። አንቀጽ 7 ሲወጣ አንቀጽ 8 ወደ 7 ይወርዳል፤ ሌላ ቦታ «በአንቀጽ 12 መሠረት» የሚለው ሐረግ ግን ባለበት ይቀራልና ስለ አባልነት የነበረው ስለ ኦዲተር ይሆናል። ቁጥር የምትቀይሩት መጨረሻ ላይ አንዴ ይሁን፤ ከዚያ «አንቀጽ» የሚለውን ቃል በጽሑፉ ሁሉ እየፈለጋችሁ አንድ በአንድ አመሳክሩ። ሁለተኛው ጣጣ አንዱን አካል በሦስት ስም መጥራት ነው፤ «ቦርዱ»፣ «ኮሚቴው»፣ «ሥራ አመራሩ»። አንዱን ምረጡ። ሦስተኛው ግሡ ነው። «ገንዘብ ያዡ በየሦስት ወሩ ሪፖርት ያቀርባል» የሚለውን አንዱ ግዴታ ነው ይላል፣ ሌላው ልማዱን መግለጽ ነው ይላል። ግዴታ ከሆነ «ማቅረብ አለበት»፣ ፈቃድ ከሆነ «ማቅረብ ይችላል» በሉት።

ጥያቄ፦ የመዋኛ ሰዓትን፣ የእንግዳ ክፍያንና የወርኃዊ መዋጮን መጠን በደንቡ ብናስገባ ማንም እንደፈለገ አይቀይረውም ብለን አሰብን። ትክክል ነን? (ገንዘብ ያዥ)

መልስ፦ አይደላችሁም። ደንብ ውስጥ የገባ ነገር የሚለወጠው ደንቡ ለማሻሻያ በሚጠይቀው ድምፅ ብቻ ነው፤ ብዙውን ጊዜ በሁለት ሦስተኛ። ገንዳውን ለጥገና አንድ ሰዓት ቀድሞ መዝጋት ሲያስፈልግ ጠቅላላ ጉባኤ አይጠራም፤ ስለዚህ ደንቡ ይጣሳል። አንዴ በትንሹ ነገር የተጣሰ ደንብ ደግሞ በትልቁም ለመጣስ ይቀላል።

በደንቡ የሚቀመጠው ማን እንደሚወስንና እስከ የት እንደሚወስን ነው። መዋጮን በሚመለከት፦ መጠኑን ቦርዱ ይወስናል፣ በአንድ ዓመት ከ10 በመቶ በላይ መጨመር ሲፈልግ ግን ጠቅላላ ጉባኤው ማጽደቅ አለበት፤ አዲሱ መጠን ሥራ ላይ ከመዋሉ 30 ቀን በፊት ለአባላት ይገለጻል። ሰዓት፣ የእንግዳ ቁጥር፣ የሜዳ ተራና የልጆች ዕድሜ ገደብ ቦርዱ በሚያወጣው የውስጥ መመሪያ ይግቡ። የአባላት መብት፣ የምርጫ ሥርዓት፣ የቦርዱ ሥልጣን ወሰን፣ የሒሳብ ምርመራና የማኅበሩ መፍረስ ግን ከደንቡ አይወጡም።

ጥያቄ፦ ቦርዱን ከ11 ወደ 7 ለመቀነስ ጥሪ አውጥተናል። ጉባኤው ላይ አንድ አባል «5 ይሁን» ቢል መቀበል እንችላለን? (ሰብሳቢ)

መልስ፦ አትችሉም፤ 8፣ 9 ወይም 10 ይሁን ቢል ግን ይቻላል። መርሑ ይህ ነው፦ ከቤቱ የቀረው አባል ጥሪውን አንብቦ ነው የቀረው። ከ11 ወደ 7 መውረዱን ችላ ያለ ሰው በመካከሉ ያለውንም ችላ እንዳለ ይቆጠራል፤ 5 ግን ያልተነገረው ነገር ነው። በመካከል ያለውን ሐሳብ ለመቀበል ተራ አብላጫ ድምፅ በቂ ነው። የተስተካከለው አንቀጽ በመጨረሻ ሲጸድቅ ግን ደንቡ የሚጠይቀውን ሙሉ ድምፅ ማግኘት አለበት። ደንቡን በሙሉ እንደ አዲስ ለመተካት የወጣ ጥሪ ከሆነ ነገሩ ሰፋ ይላል፤ ጽሑፉ ሁሉ ለውይይት ክፍት ነው። ያኔም ቢሆን የአገሩ ሕግ ወይም የራሳችሁ ደንብ ጠበቅ ያለ ነገር ካስቀመጠ ቅድሚያው የዚያ ነው።

በጥሪው ላይ «ደንብ ማሻሻል» ብሎ መጻፍ ብቻውን ጥሪ አይባልም። ሙሉ ቃሉ ከጥሪው ጋር ይላክ፤ ደንባችሁ የቀን ቁጥር ካላስቀመጠ 21 ቀን እንመክራለን። የተላከበትን ቀንና መንገድ ጸሐፊው ይመዝግብ።

ጥያቄ፦ አዲሱ ደንብ የቦርድ አባላትን የሥራ ዘመን ከ2 ወደ 3 ዓመት ያደርጋል። አሁን ያሉት አንድ ዓመት ይጨመርላቸዋል? (አባል)

መልስ፦ ደንቡ ዝም ካለ በዚህ ጉዳይ መጣላታችሁ አይቀርም። ማሻሻያ ሌላ ቀን ካልተቀመጠለት ብዙውን ጊዜ ከጸደቀበት ቅጽበት ጀምሮ ይሠራል፤ የሚሠራው በማን ላይ እንደሆነ ግን ቃሉ ራሱ ካልተናገረ አይታወቅም። ለዚህ የመሸጋገሪያ ድንጋጌ ጻፉ፦ በሥራ ላይ ያሉት የተመረጡበትን 2 ዓመት ይጨርሳሉ፣ 3 ዓመቱ ከሚቀጥለው ምርጫ ይጀምራል። ራሱ ቦርዱ ረቂቁን ያቀረበው ከሆነ ይህ ዐረፍተ ነገር ከሐሜትም ያድናል።

7ቱም ወንበሮች በአንድ ቀን እንዳይለቀቁ ከፈለጋችሁ፣ በመጀመሪያው ምርጫ ዕጣ ይወጣና 2 ሰው ለ1 ዓመት፣ 2 ሰው ለ2 ዓመት፣ 3 ሰው ለ3 ዓመት ያገለግላሉ፤ ከዚያ ወዲያ ሁሉም ለ3 ዓመት ይመረጣሉ። «ከሁለት ዘመን በላይ አይመረጥም» የሚል ገደብ ካላችሁ በዕጣ የተገኘችው አጭር ዘመን ትቆጠር ወይም አትቆጠር ብላችሁ ጻፉ። የሚረሳው ይህ ነው።

ጥያቄ፦ የቤተሰብ አባልነት አለን። ባልና ሚስት ሁለት ድምፅ አላቸው ወይስ አንድ?

መልስ፦ ሁለቱም ይሠራል፤ የማይሠራው ሳይወስኑ መቀመጥ ነው። በቤተሰብ አንድ ድምፅ ከተባለ ምልዓተ ጉባኤውም በቤተሰብ ይቆጠራል፤ ከአንድ ቤት የመጡ ሦስት ሰዎች እንደ አንድ ናቸው። ባልና ሚስት ቢለያዩ ድምፁ የማን ይሆናል የሚለውንም አስቀምጡ፤ በአባልነት ቅጹ ላይ በድምፅ ሰጪነት የተመዘገበው ሰው ቢባል ይቀላል።

ጥያቄ፦ ልጆች ላይ የጮኸ ወይም የገንዳውን የደኅንነት ሥርዓት የጣሰ አባልን ቦርዱ ወዲያው እንዲያሰናብት ብንፈቅድስ?

መልስ፦ ማገድና ማሰናበትን ለዩ። አደጋ ሲኖር ኃላፊው ሰውየውን በዚያው ቀን ከገንዳው ማስወጣት፣ ቦርዱም እስከ 30 ቀን ማገድ ይችላል በሉ። ማሰናበት ግን ክሱ በጽሑፍ ከተሰጠው፣ መልስ ለማዘጋጀት ቢያንስ 10 ቀን ካገኘ፣ ቀርቦ ከተናገረ በኋላ ይሁን፤ ለጠቅላላ ጉባኤ ይግባኝ የማለት መብትም ይኑረው። ክሱን ያቀረበው የቦርድ አባል በውሳኔው ድምፅ አይስጥ። የታገደው ከገንዳው እንጂ ከጉባኤው ካልሆነ፣ በእገዳው ጊዜ ድምፅ መስጠት እንደሚችል በግልጽ ይጻፍ። ያለበለዚያ ከምርጫ በፊት ተቃዋሚን ማገድ ቀላል ዘዴ ይሆናል።

ጥያቄ፦ ጸድቋል፤ አሁን ምን ቀረን?

መልስ፦ የድምፅ ቆጠራው በቁጥር የሰፈረበትና የተፈረመ ቃለ ጉባኤ፣ በየገጹ የማኅበሩ ማኅተም ያረፈበትና የጸደቀበት ቀን የተጻፈበት ሙሉ ጽሑፍ። በብዙ አገር ማሻሻያው ለመዝጋቢው አካል መቅረብ አለበት፤ በአንዳንዱ እስኪመዘገብ ድረስ አይጸናም። ስለ ትርፍ አለመከፋፈልና ማኅበሩ ሲፈርስ ንብረቱ ወዴት እንደሚሄድ የሚናገሩትን አንቀጾች ነክታችሁ ከሆነ ከግብር ነፃ የመሆን መብታችሁ ሊነካ ስለሚችል፣ ይህ መጠየቅ የነበረበት ከማጽደቅ በፊት ነበር፤ ካልጠየቃችሁ ዛሬውኑ ጠይቁ። የቼክ ፈራሚዎች ከተለወጡ ለባንኩ አሳውቁ። አሮጌዎቹን ቅጂዎች አትጣሉ፤ «ተሽሯል» ብላችሁ ቀኑን ጽፋችሁ በአንድ ፋይል አኑሯቸው።