ስለ ቮልት፣ አምፔር፣ ኒውትራልና ኧርዝ የፈለጋችሁትን ጠይቁ

ሰላም ቤተሰብ። ስራዬ የቤት ውስጥ ኤሌክትሪክ ዝርጋታ ነው። ሰሞኑን እዚህ ስትመካከሩ እያየሁ ነበር። ቮልትና ዋት ቢምታታባችሁ ችግር የለውም፣ ይስተካከላል። ኒውትራልና ኧርዝ ሲምታታ ግን ሰው ይሞታል። ስለዚህ ዛሬ ማታ ቁጭ ብያለሁ፣ ጠይቁ። አስቀድሜ አንድ ነገር፦ ዋናውን ብሬከር ሳታወርዱ ሶኬት አትፍቱ። ካወረዳችሁም በኋላ በቴስተር ሳታረጋግጡ ሽቦ አትንኩ።

ጀማሪው፦ ቮልት፣ አምፔርና ዋት ልዩነታቸው ምንድነው? በቀላሉ ብታስረዳን።

መላሽ፦ ጣሪያ ላይ የተሰቀለ ሮቶ አስብ። ከፍ ባለ ቁጥር ውሃው በግፊት ይወርዳል። ግፊቱ ቮልት ነው። በቧንቧው የሚያልፈው የውሃ መጠን አምፔር ነው። የቧንቧው ጥበት ኦም ነው። ቮልትን በአምፔር ስታባዛ ዋት ይሆናል። የእኛ አገር የቤት መብራት 220 ቮልት ነው፣ ስለዚህ 3500 ዋት የሚል ምጣድ ወደ 16 አምፔር ይስባል ማለት ነው። 3500ን ለ220 አካፍለው።

የገርጂዋ፦ ጋሼ፣ ምጣዴ ይነዝረኛል። በተለይ እጄ እርጥብ ሲሆን የምጣዱን ብረት ስነካ። ጎረቤታችን ደግሞ «ኒውትራሉን ከብረቱ ጋር አገናኚው፣ ይተዋል» አለኝ። ላድርገው?

መላሽ፦ አታድርጊው። እህቴ፣ በፍጹም አታድርጊው። ዛሬ እዚህ የተቀመጥኩት ለዚህ ጥያቄ ስለሆነ በደንብ ልመልስ።

ፌዝ ኤሌክትሪኩን የሚያመጣው ሽቦ ነው። ኒውትራል የሚመልሰው ነው። ምጣዱ በሰራ ቁጥር ያ 16 አምፔር በኒውትራሉም ያልፋል፣ ማለትም ኒውትራል ስራ ላይ ያለ ሽቦ ነው። ኧርዝ ግን በደህና ቀን ምንም አያልፍበትም። ስራው ፌዙ አምልጦ ብረቱን ሲነካ ወደ መሬት መውሰድ ብቻ ነው። አንቺን ሳይሆን እሱን ይዞ እንዲሄድ።

አሁን ጎረቤትሽ እንዳለው ኒውትራሉን ከብረቱ ጋር አገናኘሽው እንበል። መንዘሩ ይቆማል፣ እውነት ነው፣ ሰው የሚሸወደውም ለዚህ ነው። ከዚያ አንድ ቀን ኒውትራሉ ሶኬቱ ውስጥ ይላላል ወይ ይበጠሳል። ፌዙ በምጣዱ ሽቦ አልፎ መመለሻ ሲያጣ ብረቱ ላይ ይቆማል። ምጣዱ አይግልም፣ «መብራት ጠፋ እንዴ» ብለሽ ትነኪዋለሽ፣ ብረቱ ላይ 220 አለ። ሶኬቱን ገልብጠሽ ስትሰኪውም ያው ነው፣ እዚህ አገር ያለው ክብ ሶኬት በሁለቱም በኩል ስለሚገባ ኒውትራል ያልሽው ፌዝ ይሆናል።

የአንቺ ምጣድ የሚነዝረው ወይ የውስጡ ሽቦ ብረቱን ነክቷል፣ ወይ እርጥበት ገብቶበታል። እስኪሰራ አትጋግሪበት። ከዚያ ሶኬትሽ እውነተኛ ኧርዝ እንዳለው ይታይልሽ። ብዙ ቤት የኧርዝ ጥርሱ አለ፣ ከኋላው ግን ሽቦ የለም። ባዶ ነው።

የጎንደሩ፦ እኔ ጓሮ ብረት ቀብሬ ኧርዝ ሰርቻለሁ። በቃ አይደል?

መላሽ፦ አይበቃም። ይህን ሰው ልብ አይለውም። የቀበርከው ብረት ከመሬቱ ጋር 20 ኦም አለው እንበል፣ ደረቅና ድንጋያማ አፈር ላይ ከዚያም ይበልጣል። 220ን ለ20 ስታካፍል 11 አምፔር ነው። ብሬከርህ ባለ 16 ነው። አይወርድም! ፌዙ ብረቱን ነክቶ፣ 11 አምፔር ወደ መሬት እየፈሰሰ፣ ብሬከሩ ዝም ብሎ ይቀመጣል። ስለዚህ ከኧርዙ ጋር ባለ 30 ሚሊ አምፔር (ሚሊ ማለት የአምፔር አንድ ሺህኛ ነው) መከላከያ ያስፈልጋል። ብሬከር ይመስላል፣ ላዩ ላይ «ቴስት» የምትል ትንሽ ቁልፍ አለችው። የሄደውንና የተመለሰውን አምፔር ያወዳድራል፣ ልዩነት ካየ ወዲያው ይቆርጣል። ብሬከር የተሰራው ሽቦህ እንዳይቃጠል ነው። ሰው የሚያድነው ይህኛው ነው። ምጣድ፣ የሻወር ማሞቂያ፣ ልብስ ማጠቢያ ያለው ሰው ሌላውን ሁሉ ትቶ መጀመሪያ ይህን ይግዛ።

ሰላም ከአዳማ፦ ስታቢላይዘር (ቮልት የሚያስተካክለውን ዕቃ) ስንት ዋት ልግዛ?

መላሽ፦ ለምን ዕቃ?

ቢኬ፦ ሲጀመር የሚገድለው አምፔር ነው እንጂ ቮልት አይደለም። ሰው 220፣ 220 እያለ ዝም ብሎ ይፈራል።

የጂማው ቴክኒሻን፦ ቢኬ ተሳስተሃል። ቮልት ከሌለ አምፔሩ ከየት ይመጣል?

ቢኬ፦ የመኪና ባትሪ ብዙ መቶ አምፔር ይሰጣል፣ በሁለት እጅህ ብትይዘው አይነዝርም። ታዲያ?

የጂማው ቴክኒሻን፦ አየህ? 12 ቮልት ስለሆነ ነዋ! ራስህ መለስከው።

ቢኬ፦ አልመለስኩም። የትንኝ መግደያዋ ራኬት ከሺህ ቮልት በላይ ናት፣ ሰው አትገድልም።

መላሽ፦ ሁለታችሁም ግማሽ ግማሹን ይዛችኋል። ሰውነትን የሚጎዳው የሚያልፍበት አምፔር ነው፣ ያንን አምፔር የሚገፋው ቮልት ነው፣ የሚከላከለው የሰውነታችሁ ኦም ነው። እርጥብ እጅ ይዛችሁ 1000 ኦም ብትሆኑ በ220 ቮልት 220 ሚሊ አምፔር ያልፍባችኋል። መከላከያው የሚቆርጠው 30 ሳይደርስ ነው። በ12 ቮልት ግን 12 ሚሊ ብቻ ነው፣ ቆዳችሁ ደረቅ ከሆነ ደግሞ ከዚያም በጣም ያንሳል። ራኬቷ ውስጥ ያለው ጉልበት ትንሽ ነው፣ ወዲያው ያልቃል። የግድግዳው ሶኬት አያልቅም። «ቮልት አይገድልም» ብሎ መጻፍ ግን ይቅር፣ የሚያነብ ልጅ አለ።

ሰላም ከአዳማ፦ ስታቢላይዘር ስንት ዋት ይሻላል? አልመለስክልኝም።

መላሽ፦ መለስኩ፣ ለምን ዕቃ አልኩ። ለፍሪጅ ነው? ለቲቪ ነው? ለምጣድ ከሆነ አትግዢ።

ጀማሪው፦ ለምን ለምጣድ አይሆንም? የኛ ሰፈር ኃይል ሲወርድ ምጣዱ ጨርሶ አይግልም።

መላሽ፦ ጥሩ ጥያቄ። ቮልቱ ከ220 ወደ 170 ወረደ እንበል። ሰው ትንሽ ነው የቀነሰው ይላል። ግን ግፊቱ ሲቀንስ አምፔሩም አብሮ ይቀንሳል፣ ስለዚህ 3500 ዋት የነበረው ምጣድ ወደ 2100 ገደማ ይወርዳል። አርባ በመቶው ጠፋ ማለት ነው። እንጀራው ዓይን የማያወጣው ለዚህ ነው። ስታቢላይዘር ደግሞ ኃይል አይፈጥርም። ቮልቱን ከፍ የሚያደርገው ከመስመሩ ተጨማሪ አምፔር ስቦ ነው። በ170 ያንን 3500 ዋት ለማውጣት ከ20 አምፔር በላይ ይጎትታል። ቀጭን ገመድ ካለህ ገመዱ ይግላል፣ የጎረቤትህም መብራት ይብስ ይደክማል።

ገመድ ካነሳን አይቀር፦ ለመብራት ባለ 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር፣ ለሶኬት ባለ 2.5፣ ለምጣድ ለብቻው ባለ 4 ወይም ባለ 6። ምጣድ በማከፋፈያ አይሰካም። ብሬከር ወረደ ብላችሁ ባለ 32 አትቀይሩ፣ ገመዱ ያው ከሆነ እሳት ነው የምትጠሩት።

ስም የለሽ፦ ቤቴ መብራት ያስቸግራል ምን ላድርግ

መላሽ፦ ምን ያስቸግራል? ይጠፋል? ይደምቃል? አንድ ክፍል ነው ሁሉም ቤት? በዚህ መልስ አይሰጥም።

ስም የለሽ፦ አንዳንዴ አምፖሉ በጣም ይደምቃል ከዛ ይቃጠላል። ጎረቤት ደግሞ ደብዝዞብኛል ይላል

መላሽ፦ ይህን ቀድመህ አትልም ወንድሜ?! አሁኑኑ ዋናውን ብሬከር አውርድ፣ ከዚያ ለመብራት ኃይል ደውል። ኒውትራል ተበጥሷል ወይ ላልቷል፣ ምናልባት ፖሉ ላይ።

ሌሎቻችሁም ስሙ። ወደ ሰፈር የሚመጣው መስመር ሶስት ፌዝ አለው። እያንዳንዱ ከኒውትራል ጋር 220 ነው፣ ፌዝ ከፌዝ ግን 380 ነው። የጋራው ኒውትራል ሲበጠስ የአንተ ቤትና በሌላ ፌዝ ላይ ያለው የጎረቤትህ ቤት 380ውን ይካፈላሉ፣ እኩል ግን አይደለም። ጎረቤት ምጣድ ለኩሶ አንተ 100 ዋት ቲቪ ብቻ ከፍተህ ከሆነ፣ ወደ 370 ቮልት የሚጠጋው ቲቪህ ላይ ያርፋል። «ኃይል ጨምሮ ፍሪጄን አቃጠለው» የምትሉት አብዛኛው ይህ ነው። ቮልት ሲበዛና ሲያንስ ራሱ የሚቆርጥ መከላከያ አለ፣ ግዙት። ብረቱን ከኒውትራል ጋር ያገናኛችሁ ደግሞ፣ እስከ 220 ቮልት ድረስ ብረቱ ላይ ይወጣል። ለሶስተኛ ጊዜ እየጻፍኩት ነው፣ ኒውትራል ኧርዝ አይደለም!

ከሜሪላንድ፦ ለእናቴ ብሌንደር ልልክላቸው ነው። እዚያ ይሰራል?

መላሽ፦ የአሜሪካው 120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ ነው (ኸርዝ ኤሌክትሪኩ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚመላለስ ነው፣ ከኧርዝ ጋር አታምታታው)። እዚህ 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ። በቀጥታ ከተሰካ ይቃጠላል። ትራንስፎርመር ቮልቱን ያስተካክላል፣ ኸርዙን ግን አይቀይርም፣ በዚያ ላይ ከባድ ነው። እዚህ ግዛላቸው። ቻርጀር ከሆነ ጀርባውን አንብብ፣ 100-240 ካለ ችግር የለም።

የመርካቶው፦ ባለ 3 ኬቪኤ ጄኔሬተር ምጣድ ይችላል?

መላሽ፦ አይችልም። ኬቪኤ የጄኔሬተሩ አቅም ነው፣ በ0.8 አባዛው፣ 2.4 ኪሎ ዋት ነው፣ ምጣዱ ግን 3.5 ይፈልጋል።

ተማሪ፦ የቲቪ ፓወር ሰፕላይ እየጠገንኩ ነው፣ ትልቁ ካፓሲተር ስራው ምንድነው?

መላሽ፦ ቦርድ የእኔ መስመር አይደለም፣ የጂማው ይርዳህ። አንድ ነገር ብቻ፦ ሶኬቱን ነቅለህም ቢሆን አትንካው። 220ው ወደ ዲሲ (አቅጣጫው ወደማይቀያየር ኤሌክትሪክ) ሲቀየር 310 አካባቢ ይሆናል፣ ካፓሲተሩም ይዞት ይቆያል።

የጂማው ቴክኒሻን፦ ልክ ነው። በሬዚስተር አራግፈው፣ ከዚያ በመልቲሜትር ለካ። በመፍቻ ሾርት አድርገው የሚሉህን አትስማ።

ሰላም ከአዳማ፦ እሺ ለፍሪጅ ነው ጋሼ።

መላሽ፦ አሁን ገባኝ። ፍሪጅ ሲነሳ ለቅጽበት ከተጻፈው ብዙ እጥፍ ይስባል። ጀርባው ላይ 150 ዋት ቢልም ባለ 1000 ግዢ። ማዘግየት ያለው ይሁን፣ መብራት ሄዶ ሲመለስ ጥቂት ደቂቃ የሚጠብቅ።

የገርጂዋ፦ ጋሼ፣ ምጣዱን ነቅዬዋለሁ። ሶኬቱ ኧርዝ እንዳለው እኔ ራሴ በቴስተር ማየት እችላለሁ?

መላሽ፦ አትችይም። ቴስተር ፌዝ ብቻ ነው የሚያሳየው። ቀለሙንም አትመኚ፣ ቢጫና አረንጓዴ ሆኖ የትም ያልታሰረ ሞልቷል። ብሬከሩን አውርዶ ሽቦውን እስከ ቆጣሪው ተከትሎ የሚፈትሽ፣ መለኪያ የያዘ ባለሙያ ጥሪ። ሲመጣም መጀመሪያ ኧርዙ ስንት ኦም ነው ብለሽ ጠይቂው። ሳይለካ ቁጥር ከነገረሽ ሌላ ሰው ፈልጊ።