ሁለት ቀዳዳ ጎን ለጎን ካየህ እሾህ አትፈልግ

ከድሬዳዋ የደረሰን ጥያቄ ባጭሩ ይህ ነው። ጠያቂያችን ከጓደኞቹ ጋር ቅዳሜ ጠዋት ከከተማው በስተደቡብ ያሉትን የኖራ ድንጋይ ኮረብታዎች በማውንቴን ብስክሌት ይወጣል። ብስክሌቱ ያገለገለ ነው፤ ቸርኬው 27.5፣ ጎማው 2.1 ኢንች፣ የእሱ ክብደት ደግሞ 78 ኪሎ። በወጣ ቁጥር የኋላ ጎማው ይተነፍስበታል። ካላማዳሪውን ሲያወጡት ሁለት ትንንሽ ቀዳዳ ጎን ለጎን ይገኝበታል። ጎሚስታው «እሾህ ነው፣ ጠበቅ አድርገህ ንፋው» ብሎ 60 ፒኤስአይ (የንፋስ ግፊት መለኪያ ነው) ሞላለት። በሳምንቱ ጎማው ራሱ ጎኑ ላይ ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል ተቀደደ። አሁን የሚጠይቀው «ወፍራም ካላማዳሪ ልግዛ ወይስ ቲዩብለስ (ያለ ካላማዳሪ የሚሠራ ጎማ) ላስደርገው?» ብሎ ነው።

ድሬዎች «አንቱ» ስለማትወዱ አንተ ልበልህ። ለጊዜው ሁለቱንም አትግዛ።

እሾህ ሲወጋህ ቀዳዳው ብዙውን ጊዜ አንድ ነው፣ የሚገኘውም መሬት በሚነካው በኩል ነው። አንዳንዴ የግራሩ እሾህ ጎማው ውስጥ እንደተሰካ ታገኘዋለህ። ቀዳዳው በውስጥ በኩል፣ ወደ ቸርኬው ፊት ለፊት ከሆነ ደግሞ የሽቦዎቹን ጫፍ የሚሸፍነው ፕላስቲክ ቦታውን ለቋል ማለት ነው። ያንተ ከሁለቱም አይደለም። ጎማው ስለታም የድንጋይ ጠርዝ ላይ ሲያርፍ እስከ መጨረሻው ይጨፈለቃል፤ ካላማዳሪው በድንጋዩና በቸርኬው ከንፈር መሀል ገብቶ ይቆነጠጣል። ቸርኬ ግራና ቀኝ ሁለት ከንፈር ስላለው ቀዳዳውም ሁለት ይሆናል። በመሀላቸው ያለውን ርቀት ከቸርኬው ስፋት ጋር አስተያየው፣ ይቀራረባል።

ይህን ለማረጋገጥ አንድ ልማድ ያዝ። ጎማ ስትገጥም በጎኑ ላይ ያለውን ጽሑፍ ሁልጊዜ ከቫልቩ ትይዩ አድርገው። ሲተነፍስ ካላማዳሪውን አውጥተህ ትንሽ ንፋውና ከጎማው ጋር ቫልቩን መነሻ አድርገህ አስተያየው። ቀዳዳው ጎማው ላይ የት ጋ እንደሚያርፍ ወዲያው ታውቃለህ። እዚያው ቦታ የቸርኬውን ከንፈር በጣትህ ዳብሰው። የተጎነበሰ ወይም የሻከረ ነገር ካገኘህ ድንጋዩ አልሙኒየሙንም ነክቶታል።

እንግዲህ ጎሚስታው «ጠበቅ አድርገህ ንፋው» ሲል ንፋስ አንሶታል ማለቱ ከሆነ ልክ ነው። 60 መሙላቱ ግን ለአስፋልት እንጂ ለዚያ ድንጋይ አይሆንም። የዝናብ ውሃ ከአየርና ከአፈር የሚያገኘው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ለስላሳ አሲድ ያደርገዋል፤ ያ ውሃ የኖራ ድንጋይን ቀስ በቀስ ያሟሟዋል። የሶፍ ዑመርን ዋሻ የቦረቦረው ይኸው ሥራ ነው፤ እናንተው ጋ ያለው የፖርክ ኤፒክ ዋሻም ያለው በዚሁ ዓይነት ድንጋይ ውስጥ ነው። ላይ ላዩን ሲሠራ ደግሞ ድንጋዩን እየሸረከተ በመሀሉ ቢላዋ የመሰለ ጠርዝ ያስቀራል። አዲስ አበባ ዙሪያ ያለው የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ሲያረጅ ብዙውን ጊዜ ጠርዙ ይደበዝዛል፤ የኖራ ድንጋይ ግን እያረጀ ይሳላል። በደንብ የተወጠረ ጎማ እንዲህ ያለውን ጠርዝ አቅፎ አያልፍም። ይፈናጠርና ተንሸራቶ በጎኑ ይወድቃል፤ ጎኑ ደግሞ የጎማው ስሱ ክፍል ነው። የተወጠረ ጨርቅ ከላላው ቀድሞ እንደሚቀደድ ታውቃለህ።

ለክብደትህና ለ2.1 ጎማ ከነካላማዳሪው ከኋላ 36፣ ከፊት 30 ፒኤስአይ ብለህ ጀምር። የራስህ የንፋስ መለኪያ ይኑርህ። የጎሚስታው መለኪያ ለመኪናና ለባጃጅ ነው፤ የብስክሌት ጎማ የሚይዘው አየር ትንሽ ስለሆነ ኮምፕረሰሩ በአንድ ትንፋሽ አሥር ፒኤስአይ ሊያልፍበት ይችላል። ከዚያ ሁልጊዜ ከምትተነፍስበት ቦታ አንዱን መርጠህ እየተመላለስክ ሞክረው። ቸርኬው ድንጋይ ሲመታ «ቋ» የሚል ድምፅ ከሰማህ ሁለት ጨምር። ምንም ካልሰማህና ጎማው የሚዘል ከመሰለህ ሁለት ቀንስ። ትክክለኛው ቁጥር ሲገኝ ወረቀት ላይ ጻፈውና ከመለኪያው ጋር አስቀምጠው።

የድሬ ሙቀትም የራሱ ድርሻ አለው። ጠዋት 12 ሰዓት የሞላኸው ጎማ ቀትር ላይ 15 ዲግሪ ቢሞቅ ሁለት ፒኤስአይ ገደማ ይጨምራል። ወደ ደንገጎ ከወጣህ ከፍታው አንድ ያህል ያክልበታል። ስለዚህ ረጅም ዳገት ባለበት ቀን 34 ሞልተህ ብትነሳ አይጎዳህም፤ የታችኛውን ድንጋያማ ክፍል በቀስታ እስካለፍከው ድረስ።

ንፋሱ ተስተካክሎም የሚተነፍስብህ ከሆነ ነገሩ አነዳድህ ነው። የሚቀደደው የኋላው ብቻ መሆኑን ልብ በል። ሰው የፊቱን ጎማ እያየ ያነሳዋል፣ የኋላውን ይረሳዋል፣ ክብደቱም እዚያው ላይ ነው። ደረጃ የመሰለ ድንጋይ ስትደርስ ከኮረቻው ተነሳ፣ ፔዳሎቹን አግድም አስተካክል፣ ጉልበትህንና ክርንህን አጠፍ አድርግ። የፊቱ እንዳለፈ ሰውነትህን ወደፊት አምጣ፣ የኋላው ቀሎ ይውጣ። ፍሬን የምትይዘው ከድንጋዩ በፊት ነው። ድንጋዩ ላይ ሆነህ ከያዝክ ጎማው መሽከርከሩን ትቶ ይፋተጋል።

አሁን የተቀደደው ጎማ። የኋላ ከሆነ ሊድን ይችላል፤ የፊት ቢሆን ኖሮ «ጣለው» እልህ ነበር፤ ቁልቁለት ላይ የፊት ጎማ ከፈነዳ መሪው አይታዘዝህም። ከጠርዙ ሽቦ አጠገብ የተቀደደውንም አትሞክረው። ያንተ መሀል ጎኑ ላይ ነው ብዬ ልያዝ። ጫማ ሰፊ ጋ ውሰደውና በናይለን ክር ያስተሳስርልህ፤ ክሩን ከመጠን በላይ አያጥብቀው፣ ጎማው ይጨማደዳል። ከውስጥ በኩል ከአሮጌ ስስ የብስክሌት ጎማ የቆረጥከውን ቁራጭ ለጥፍበት፤ ከስንጥቁ በየአቅጣጫው ሁለት ሴንቲ ሜትር ይለፍ፣ ማዕዘኖቹ ክብ ይሁኑ፣ ዳሩም በብርጭቆ ወረቀት ይሳሳ። አለበለዚያ ያው ቁራጭ ካላማዳሪውን ይበላዋል። መንገድ ላይ ከደረሰብህ ተቆርጦ የታጠበ የጥርስ ሳሙና ቱቦ በስንጥቁ ውስጥ በኩል ብታስገባበት ቤትህ ያደርስሃል።

ካላማዳሪው ላይ ሁለቱን ቀዳዳ በአንድ ሞላላ ፓች ሸፍን። ሁለት ትንንሽ ፓች ጠርዛቸው ከተደራረበ ከመገናኛቸው ንፋስ ያሾልካሉ። በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍገው፣ ማስቲሹን ስስ አድርገህ ቀባውና ብልጭታው እስኪጠፋ ጠብቅ። አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው፤ ማስቲሹ ገና እርጥብ ሳለ ይለጥፍና ድንጋዩን ይራገማል።

ወፍራሙ ካላማዳሪ ለእሾህ ይረዳሃል፣ ለመቆንጠጥ ግን ብዙም አይጠቅምም፣ ይከብዳልም። ቲዩብለስ መልካም ነው፤ የሚቆነጠጥ ካላማዳሪ ስለሌለ በአነስተኛ ንፋስ መንዳት ትችላለህ፣ የግራር እሾህ የበሳውንም ጎማው ውስጥ የሚጨመረው ማሸጊያ ፈሳሽ ይደፍነዋል። ነገር ግን ቸርኬውም ጎማውም ለዚያ የተሠሩ መሆን አለባቸው፣ የቸርኬው ከንፈር የተጎነበሰ ከሆነ ንፋስ አይዝም። ፈሳሹ በሙቀት ቶሎ ስለሚደርቅ በየሁለትና ሦስት ወሩ መጨመር አለበት። ሁለት ሴንቲ ሜትር ቅዳጅ ደግሞ የትኛውም ፈሳሽ አይደፍንም። ፈሳሹን እንደልብ የምታገኝበት ቦታ ከሌለህ አልመክርህም።

ሳትጠይቀኝ አንድ ነገር ልጨምር። ብዙዎቻችሁ መልስ ላይ በደረቁ ወንዝ አሸዋ ውስጥ መንዳት ትወዳላችሁ። በክረምት ተዉት። የደቻቱን ወንዝ የ1998 ዓ.ም. ጎርፍ ለድሬ ሰው አላስታውስም፤ ከተማው ላይ ጠብታ ሳይወድቅ ከላይ የዘነበው ይመጣል። ዝናብ የነካው የኖራ ድንጋይም፣ በተለይ እግርና ከብት ያለሰለሰው፣ እንደ ሳሙና ያንሸራትታል። ነጩ አቧራ ውሃ ሲነካው ሊጥ ሆኖ ሰንሰለቱንና የፍሬን ሸራውን ስለሚበላ፣ ስትመለስ መጀመሪያ በደረቅ ብሩሽ አራግፈው፣ ከዚያ ሰንሰለቱን ብቻ ዘይት ቀባው።

ገንዘብህን የምታወጣው ለኋላ ጎማ ይሁን፤ ጎኑ የተጠናከረ፣ 2.3 ወይም 2.4 ስፋት ያለው። ሰፋ ሲል ከድንጋዩ እስከ ቸርኬው ያለው ርቀት ይጨምራል፣ ንፋሱንም ወደ 32 ማውረድ ትችላለህ። ከመግዛትህ በፊት አሁን ያለው ጎማ ከፍሬሙ ጋር በግራም በቀኝም ያለውን ክፍተት ለካ። አዲሱ ገብቶ በየጎኑ ስድስት ሚሊ ሜትር ካልተረፈው 2.25 ይበቃሃል።