ድምፁ የጠፋ ቫልቮላ አያስደስታችሁ

ለወጣት መካኒኮችና አሮጌ መኪና ለምትይዙ ልጆች፣

ጋራዥ ውስጥ ቶሎ የሚለመድ አንድ ክፉ ልማድ አለ። ደንበኛው «ሞተሩ ቀጭ ቀጭ ይላል» ሲል ቫልቮላውን (የሲሊንደሩን የአየር መሳቢያና የጭስ ማስወጫ በር) አጥብቆ፣ ማለትም ክፍተቱን አጥብቦ፣ ድምፁን ማጥፋት። ደንበኛውም ደስ ብሎት ከፍሎ ይሄዳል። ወራት አልፈው ያቺው መኪና አንድ ሲሊንደር ሞቶባት፣ ቤንዚን እየጠጣች፣ ዳገት አልወጣ ብላ ትመለሳለች። ቴስታታው (ቫልቮላዎቹን የያዘው የሞተሩ የላይ ክፍል) ሲወርድ የአንዱ ማስወጫ ቫልቮላ ጠርዝ እንደተገመጠ ብስኩት ጎድሎ ይገኛል።

ምክንያቱን ልብ በሉ። የማስወጫ ቫልቮላ በሥራ ላይ ከ700 ዲግሪ በላይ ይግላል። ከሙቀቱ ሦስት አራተኛ ያህሉን የሚያራግፈው መቀመጫው ላይ ባረፈባት ቅጽበት ነው፤ የቀረው በዘንጉ በኩል ወደ ጋይዱ (ዘንጉ ወደሚንሸራተትበት ቱቦ) ይሄዳል። ሞተሩ ሲሞቅ ዘንጉ ይረዝማል። በሚገፉት ክፍሎች መካከል ክፍተት ካልተተወለት ቫልቮላው ሙሉ በሙሉ አይዘጋም፤ እሳቱ በዚያች ቀዳዳ እያፏጨ ሲያልፍ ብረቱን ይቆርጠዋል። ክፍተቱ ደግሞ ብዙውን ጊዜ በራሱ እየጠበበ ነው የሚሄድ፤ ፊቱና መቀመጫው ሲበሉ ቫልቮላው ወደ ውስጥ ይሰምጣልና። ስለዚህ አደጋው ሲቀርብ ሞተሩ ዝም ይላል። የላላ ቫልቮላ ይጮኻል፣ ካምሻፍትም (ቫልቮላዎቹን የሚያስከፍተው ዘንግ) ይበላል፤ ቫልቮላ ግን አያቃጥልም።

በላዳ ላስረዳ፤ በአዲስ አበባ ሰማያዊና ነጭ ተቀብታ ዘመኗን የሠራችውን ማለቴ ነው። ክፍተቷ በቀዝቃዛ ሞተር ለመሳቢያውም ለማስወጫውም 0.15 ሚሊ ሜትር ነው። ቀዝቃዛ ስል ቆማ ያደረች ማለቴ ነው እንጂ ሻይ እስክትጠጡ የቆመች አይደለም። የቴስታታውን ክዳን አውርዱና ክራንክሻፍቱን (የሞተሩን ዋና ዘንግ) በ38 ቁልፍ ወደ ቀኝ አዙሩ። የካምሻፍቱ ጥርስ ምልክት ከቤቱ ምልክት ጋር ሲገጥም 4ኛው ሲሊንደር አምቆ ጫፍ ደርሷል። ከራዲያተሩ በኩል እየቆጠራችሁ 8ኛውንና 6ኛውን ቫልቮላ ለኩ። ግማሽ ዙር አዙራችሁ 4ኛውንና 7ኛውን፤ ደግሞ ግማሽ ዙር፣ 1ኛውንና 3ኛውን፤ በመጨረሻ 5ኛውንና 2ኛውን። መለኪያው ስስ ብረት በካምሻፍቱ ጉብታና ቫልቮላውን በሚገፋው ሮከር መካከል ትንሽ ያዝ እያደረገ መንሸራተት አለበት። ማሰሪያው 17፣ ማስተካከያው 13 ቁልፍ ነው። ማሰሪያው ሲጠብቅ ክፍተቱን ይዞት ይሄዳል፤ ካጠበቃችሁ በኋላ ደግማችሁ ሳትለኩ ክዳኑን አትመልሱ።

የአንዷን ቁጥር ለሌላዋ አትስጡ። የ4ኬ ሞተር ኮሮላ በትኩስ ሞተር መሳቢያው 0.20፣ ማስወጫው 0.30 ነው። ቮልስ በቀዝቃዛ 0.15 ሲሆን 3ኛው ሲሊንደር የተለየ ዓይን ይፈልጋል፤ በቀድሞዎቹ ሞዴሎች የዘይት ማቀዝቀዣው ከፊቱ ቆሞ ነፋሱን ስለሚሻማበት ከሁሉም በላይ የሚግለው እሱ ነው።

አሁን ተቃጥሏል ብላችሁ ጠረጠራችሁ እንበል። በሚኒሞ (የነዳጅ ፔዳል ሳይረገጥ) ሞተሩ በእኩል ምት ይንገጫገጫል፣ ነዳጅ ሲሰጠው ይሻለዋል። የጭስ ማውጫው አፍ ላይ ቁራጭ ወረቀት ያዙ፤ እየተገፋ በየመሀሉ ወደ ውስጥ ከተሳበ የማይዘጋ ማስወጫ ሊኖር ይችላል። ከዚያ ኮምፕሬሽን (ሲሊንደሩ አየር አምቆ የሚያደርሰውን ግፊት) ለኩ፦ ሞተሩ ሞቆ፣ አራቱም ካንዴላ ወጥቶ፣ የነዳጅ ፔዳሉ እስከ መጨረሻው ተረግጦ። የላዳ መጽሐፍ ቢያንስ 10 ባር ይላል፤ አዲስ አበባ ላይ ግን የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠረፉ ሦስት አራተኛ ገደማ ስለሆነ አራቱም 7.5 ላይ ቢቆሙ ጤነኛ ናቸው። «ኮምፕሬሽኑ አልቋል» ተብሎ በከንቱ የተፈታው ሞተር ስንት ነው! የምትፈልጉት ልዩነቱን ነው፤ አንዱ ከሌሎቹ ከ1 ባር በላይ ከወረደ እዚያ ላይ ቁሙ። በዚያ ሲሊንደር አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ጨምራችሁ ድገሙ። ከፍ ካለ የፒስተኑ ፋሻ (ቀለበት) ነው፤ ካልተነቃነቀ ቫልቮላ። ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ሲሊንደሮች አብረው ከወረዱ ጓርኒሲዮኑን (የቴስታታውን ማሸጊያ) ጠርጥሩ። (ቮልስ ላይ ሲሊንደሩ የተጋደመ ስለሆነ የዘይቱ ሙከራ አያስተማምንም፤ አየር ሞልቶ በማርሚታው (በጭስ ማውጫው)፣ ቤንዚንና አየር በሚቀላቅለው ካርቡራተርና በዘይት መሙያው በኩል ማድመጥ ይሻላል።) ቴስታታ ከመንካታችሁ በፊት ግን ክፍተቱን እዩ። ጨርሶ ጠፍቶ ከሆነ አስተካክላችሁ እንደገና ለኩ፤ ገና ጠርዙ ካልተበላ ኮምፕሬሽኑ የሚመለስበት ጊዜ አለ።

የክፍተቱ ነገር ደህና ሆኖ ቫልቮላ ሲቃጠል ወይ ታይሚንጉ (ካንዴላው እሳት የሚሰጥበት ጊዜ) ዘግይቷል፣ ወይ ቤንዚኑ ለአየሩ መጠን ሳስቷል፣ ወይ በተበላ ጋይድ የገባ ዘይት ከስሎ መቀመጫው ላይ ተጋግሯል። የሳሳ ቤንዚን እኛ አገር የራሱ ወጥመድ አለው። አዲስ አበባ ላይ አየሩ ቀጭን ስለሆነ ካርቡራተሩ ቤንዚኑን ያወፍራል፤ ባለቤቱ ለቁጠባ አነስተኛ ጂግለር (ቤንዚን የሚያሳልፍ ቀዳዳ) ያስገጥማል፣ ከተማ ውስጥም ደህና ይሠራል። ያቺው መኪና ሰው ጭና ወደ አዋሽ ስትወርድ አየሩ ይወፍራል፣ ቤንዚኑ ግን ያው ነው። ቀስ ብሎ የሚነድ ሳሳ ያለ ድብልቅ ማስወጫው ሲከፈትም ገና እየነደደ ይወጣል። ጂግለር ያሳነሰ ሰው ቆላ ሲወርድ የቀድሞውን መመለስ አለበት።

ቴስታታው ከወረደ የተቃጠለውን በመፍጨት አታድኑትም፤ ቀይሩት። የሌሎቹን ጠርዝ እዩ፤ እንደ ምላጭ የሳሳ ጠርዝ ቶሎ ስለሚግል እሱም ይጣል። ጋይዱ ከተወላገደ አዲስ ቫልቮላም አይቆይበትም። ቫልቮላውን ከመቀመጫው ጋር በሻካራው ከዚያም በለስላሳው መፍጫ ፓስታ ፍጩ፤ ግራጫው ቀለበት ሳይቋረጥ ዙሪያውን መታየት አለበት። ፓስታውን አጥባችሁ ግጠሙና በጭሱ ቀዳዳ ቤንዚን ጨምሩ፤ ወደ እሳቱ ክፍል ጠብ ማለት የለበትም። ጓርኒሲዮኑ አዲስ ይሁን። ብሎኖቹን ከመሀል ወደ ዳር በሁለት ዙር እሰሩ፤ ላዳ መጀመሪያ 33–41፣ ቀጥሎ 96–118 ኒውተን ሜትር ትፈልጋለች። የተፈጨ ቫልቮላ ስለሚሰምጥ ክፍተቱን እንደ አዲስ አስተካክሉ፤ 1,000 ኪሎ ሜትር ላይ ደግማችሁ እዩት።

ከዚያ በኋላ በየ10,000 ኪሎ ሜትሩ ስትለኩ ከማስተካከላችሁ በፊት ያገኛችሁትን ቁጥር በየቫልቮላው ደብተር ላይ ጻፉ። ሰባቱ ባሉበት ቆመው አንዱ ብቻ በየጊዜው እየጠበበ ከመጣ መቀመጫው እየሰመጠ ወይም ዘንጉ እየተሳበ ነው። ሁለተኛ ጊዜ ሲደግመው ቁልፉን አስቀምጡና ቴስታታውን ለማውረድ ከባለቤቱ ጋር ቀን ቁረጡ።