ራውተር ላይ ያለ ቪፒኤን ሰርቨር ምኑን ይደብቃል?

ከኢንተርኔት አቅራቢህ አይደብቅህም። የቤት ራውተርህ ላይ ቪፒኤን ሰርቨር (ከውጭ ሆነህ በተመሰጠረ መስመር ወደ ቤትህ ኔትወርክ የሚያስገባህ አገልግሎት) ብታበራም አቅራቢህ የትኞቹ ሳይቶች ላይ እንደምትገባ እንደ ድሮው ማየት ይችላል። ሳይቶቹም የቤትህን አይፒ (የኢንተርኔት አድራሻ) ያያሉ።

የሚጠቅምህ ከቤት ስትወጣ ነው። ካፌ ቁጭ ብለህ በስልክህ ከዚህ ቪፒኤን ጋር ስትገናኝ፣ ከስልክህ እስከ ራውተርህ ያለው መንገድ ይመሰጠራል። የካፌው ዋይፋይ የሚያየው ወደ አንድ አይፒ የሚሄድ የተቆለፈ ዳታ ብቻ ነው።

አንድ ነገር ግን ልብ በል። እኔ ስልኬ ላይ ዋየርጋርድ የሚባለውን የቪፒኤን አፕ ሴቲንግ ስሞላ፣ የሚፈቀዱ አይፒዎች (Allowed IPs) የሚለው ቦታ ላይ 192.168.1.0/24 (የቤቴን ኔትወርክ አድራሻዎች) ብቻ ጽፌ ለሳምንታት የተሸፈንኩ መስሎኝ ነበር። ሌላው ሁሉ በካፌው መስመር በቀጥታ ይወጣ ነበር። 0.0.0.0/0 (ሁሉም አድራሻ ማለት ነው) አድርገው፤ አይፒቪ6 (አዲሱ የአይፒ ዓይነት) ካለህ ::/0 ጨምር። ከዚያ ከቤት ውጭ ሆነህ አይፒህን የሚያሳይ ሳይት ክፈት። የቤትህ አይፒ ካልመጣ አልሠራም ማለት ነው።