የቹርሊዮኒስ «ሬክስ» ላይ ያለው ንጉሥ እግዚአብሔር ነው?

ወንድሜ፣ የሊትዌኒያዊው ሠዓሊ ቹርሊዮኒስ ሥዕል በሆነው «ሬክስ» ላይ፣ ዙፋን ላይ የተቀመጠው ፈጣሪ ነው ወይ ብለህ ለጠየቅከው፦ በላቲን ቃሉ «ንጉሥ» ማለት ነው። ቹርሊዮኒስ በ1909 እ.ኤ.አ. ሲሥለው ከዚያ በላይ አልገለጠውም። እኔን የሚይዘኝ ንጉሡ ሁለት መሆኑ ነው። ከፊት ብሩህ፣ ከኋላው ደግሞ እንደ ጥላ ግዙፍና ጨለማ። ብርሃንና ጨለማ አንድ ዙፋን ላይ! ምድር፣ ውሃ፣ እሳት፣ ከዋክብትና መላእክት በዙሪያቸው ተደራርበዋል። ሰውየው ሙዚቃ ደራሲም ስለነበር፣ ድርብርቡን ብዙ ድምፅ አብሮ እንደሚዘመርበት ዜማ አየዋለሁ። አባቱም የቤተ ክርስቲያን ኦርጋን ተጫዋች ነበሩ።

«የባሕር ሶናታ» ከተባሉት ተከታታይ ሥዕሎቹም የመጨረሻውን እየው። ማዕበሉ ትንንሽ ጀልባዎችን ሊውጥ ተነሥቷል፤ አረፋው ውስጥ ደግሞ የሠዓሊው ስም የመጀመሪያ ፊደላት አሉ። ራሱንም እዚያው ማዕበል ውስጥ አስገብቷል ብዬ አምናለሁ። ሊትዌኒያ ውስጥ ወዳለችው ካውናስ ከተማ የመሄድ ዕድል ካገኘህ ሥራዎቹ በስሙ በተሰየመው ሙዚየም ይገኛሉ።